የማሃባራታ ጨረቃ፦ የቱ ቆጠራ ነው፣ የቱ ምልኪ?

ዱርዮዳና ደስ ብሎታል። የአጎቱ ልጆች፣ አምስቱ ፓንዳቫዎች፣ በቁማር ተሸንፈው ተሰደዋል። ውሉ ግልጽ ነው። 12 ዓመት በጫካ ይኖራሉ። 13ኛውን ዓመት ማንም ሳያውቃቸው ተደብቀው ይጨርሳሉ። በዚያ ዓመት ከታወቁ ሌላ 12 ዓመት ይጠብቃቸዋል። አሁን የዱርዮዳና ጦር የንጉሥ ቪራታን ከብት ሊዘርፍ ወጥቷል። አንድ ሰረገላ ብቻውን ሊገጥማቸው ይመጣል። ላዩ ላይ ያለው ከአምስቱ አንዱ፣ አርጁና፣ መሆኑን ለዩት። ዱርዮዳና ጊዜው ሳይሞላ ተጋለጠ ብሎ አመነ። በእሱ ቤት ነገሩ አልቋል፣ ፓንዳቫዎች ወደ ጫካቸው ይመለሳሉ።

ጠቡ እዚህ ላይ ሂሳብ ይሆናል። መምህራቸው ድሮና ጥያቄውን ወደ ቢሽማ መሩት። ቢሽማ የቤተሰቡ ታላቅ ናቸው። ሁለቱም ወገን አያቴ ይላቸዋል። መልሳቸው አጭር ነው። በየአምስት ዓመቱ ሁለት ወር ትርፍ ይመጣል፤ በ13 ዓመት ትርፉ አምስት ወር ከ12 ሌሊት ይደርሳል አሉ። ስለዚህ ጊዜው ሞልቷል። አርጁናም ይህን አውቆ ነው የወጣው። ዱርዮዳና ሂሳቡን አልተከራከረም። ለፓንዳቫዎች መንግሥቱን አልሰጥም፣ ለጦርነት እንዘጋጅ አለ።

ማሃባራታ የጥንታዊት ሕንድ ታላቅ ተራኪ ግጥም ነው። 18 መጻሕፍት አሉት። በልማድ 100,000 አንጓ ነው ይባላል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ገደማ እስከ ልደት በኋላ 400 ገደማ ባለው ዘመን ቀስ በቀስ የአሁኑን መልክ ያዘ ይላሉ። ዋናው ታሪክ በኩሩክሼትራ ሜዳ የተደረገ የ18 ቀን ጦርነት ነው። ከጦርነቱ በፊትም፣ በመሃሉም፣ በኋላውም ሰማዩ ይነበባል። ጨረቃ የት እንዳለች ይነገራል። ፕላኔቶች ይጠራሉ። ግርዶሽ አለ፤ ጅራታም ኮከብ አለ።

ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ለቅሞ ኮምፒውተር ላይ ይጭነዋል። የጥንቱን ሰማይ መልሶ የሚያሳይ ሶፍትዌር ይከፍትና ጦርነቱ የተደረገበትን ዓመት ይፈልጋል። ጥያቄው የሚያጓጓ ነው፤ እኔም ሥራውን አልንቅም። ግን አንድ ነገር ይዘለላል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰማዩ ሁለት ሥራ አለው። አንዳንዴ ቀን ይቆጥራል። አንዳንዴ የሚመጣውን መከራ ይናገራል። ግራ መጋባቱ ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን ሳይለዩ በማንበብ ነው።

ጨረቃዋ እንዴት ትቆጥራለች?

ከትንሿ መለኪያ እንነሳ። ጨረቃና ፀሐይ ሰማይ ላይ አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ጨረቃ አትታይም። ከዚያ ጨረቃ ፀሐይን እየተወች ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት በ12 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ «ቲቲ» አለፈ ይባላል። ክቡ 360 ዲግሪ ስለሆነ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲ አለ። ወሩ ራሱ 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቲቲ በአማካይ 23 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይሆናል። ከአንድ ቀን በጥቂቱ ያንሳል ማለት ነው።

ጨረቃ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አትሄድም። ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። በዚህ የተነሳ ቲቲው አንዴ 20 ሰዓት ገደማ፣ አንዴ ከ26 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ወሩ ለሁለት ይከፈላል። ጨረቃዋ የምትሞላበት ብሩህ አጋማሽ አለ፣ የምትጎድልበት ጨለማ አጋማሽ አለ። እያንዳንዱ 15 ቲቲ ነው። ሕንዶች እስከ ዛሬ በዓላቸውን የሚጠሩት በዚህ ነው። የእገሌ ወር፣ ብሩህ አጋማሽ፣ 11ኛ ቲቲ ይላሉ።

ሌላው መለኪያ «ናክሻትራ» ነው፤ የጨረቃ ማደሪያ ልንለው እንችላለን። ጨረቃ በከዋክብት መሃል አንድ ዙር ለመጨረስ 27 ቀን ከሲሶ ገደማ ይፈጅባታል። የጥንቱ ሰው መንገዷን ለ27 ማደሪያ ከፈለው። እያንዳንዱ ማደሪያ የራሱ ኮከብ አለው፣ የራሱ አምላክም አለው። ማሃባራታ ይህን በተረት ይነግረናል። ዳክሻ የሚባል ጥንታዊ አባት 27 ሴት ልጆቹን ለጨረቃ ዳረለት። በዚያ አገር ጨረቃ ወንድ ነው። ጨረቃ ግን ከሁሉ ሮሂኒን ብቻ ወደደ፣ ከእሷ ዘንድ መውጣት አቃተው። ሌሎቹ ለአባታቸው ከሰሱ። ዳክሻም ረገመው፣ ጨረቃም በክሳት በሽታ እየመነመነ ሄደ። ፕራባሳ በተባለው ቅዱስ ውሃ ታጥቦ እንደገና ሞላ። ሮሂኒ የምትባለው ቀይ ደማቋ ኮከብ ናት፣ ከሰባቱ ከዋክብት ብዙም ሳትርቅ የምትታየው።

የወሮቹም ስም ከእነዚህ ማደሪያዎች ነው የመጣው። ሙሉ ጨረቃ በሰባቱ ከዋክብት፣ በእነሱ አጠራር በክሪቲካ፣ አጠገብ የምትወጣበት ወር ካርቲካ ነው። በኦሪዮን ራስ፣ በሚሪጋሺራ፣ የምትወጣበት ማርጋሺርሻ ነው።

አሁን ወደ ቢሽማ ሂሳብ እንመለስ። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይጎድላል። ይህ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ የሚቆጠረው ይኸው 11 ቀን ነው። የኢስላም አቆጣጠር ጉድለቱን ስለማይሞላው ረመዳን በክረምትም በበጋም ይመጣል። የሕንዱ ግን ትርፍ ወር እየጨመረ ከወቅቱ ጋር ይታረቃል።

ጭማሪው በጥንት እንዴት ነበር? ቬዳንጋ ጅዮቲሻ የሚባል በጣም ጥንታዊ የሕንድ የሥነ ፈለክ ጽሑፍ አለ። የሚሠራው በአምስት ዓመት ዙር ነው። ዓመቱን 366 ቀን ያደርገዋል፤ አምስቱ ዓመት 1,830 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ 62 የጨረቃ ወር ይገባል። 60ው መደበኛ ነው፣ ሁለቱ ጭማሪ። ቢሽማ በየአምስት ዓመቱ ሁለት ወር ያሉት ቀጥታ ይህን ነው። እንግዲህ ክርክሩ የቱ ጋ እንደሆነ ልብ በሉ። ጭማሪዎቹ ወሮች እንደ ወር ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ከተቆጠሩ 12 ወር ቶሎ ቶሎ ይሞላል፣ 13ቱም ዓመት አልፏል። ካልተቆጠሩ ፓንዳቫዎች ገና ወራት ይቀራቸዋል። አንድ መንግሥት በዚህች ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በነገራችን ላይ ስሌቱን ራሳችሁ ብትሞክሩት አምስት ወር ከስድስት ቀን ነው የሚመጣው። ጽሑፉ ግን 12 ሌሊት ይላል። ተንታኞች ስድስቷን ቀን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ለእኔ የሚበልጠው፣ አንድ የጦርነት መጽሐፍ ቆም ብሎ የዘመን አቆጣጠር ደንብ መጥቀሱ ነው። አድማጩ ደንቡን ያውቀዋል ብሎ ያምናል ማለት ነው።

ካርና የሚያየው ሰማይ

ምልኪው ሌላ ዓለም ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ የካርና ነው።

የፓንዳቫዎች ወዳጅ ክሪሽና ለእርቅ ወደ ዱርዮዳና ከተማ፣ ወደ ሃስቲናፑራ፣ ሄዶ ነበር። እርቁ አልሆነም። ሲመለስ ካርናን ሰረገላው ላይ አስወጣውና ለብቻው ምስጢሩን ነገረው። ካርና የሰረገላ ነጂ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው። በእውነቱ ግን የፓንዳቫዎች እናት የኩንቲ የበኩር ልጅ ነው። ሊዋጋቸው የተሰለፈባቸው ታናናሽ ወንድሞቹ ናቸው። ከእነሱ ጋር ቢቆም ንግሥናው የእሱ ይሆናል። ካርና እምቢ አለ። ያሳደጉትን ወላጆች አይክድም። ዱርዮዳናንም፣ ማንም ባልተጠጋው ቀን የተጠጋውን ወዳጁን፣ አይከዳም። እንደሚሸነፉ ግን ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ሲናገር ወደ ሰማይ ይጠቁማል።

ሳተርን ሮሂኒን እያስጨነቃት ነው ይላል። ሮሂኒ የፕራጃፓቲ፣ የፍጥረት ሁሉ ጌታ፣ ማደሪያ ናት። እሷ ከተጨነቀች ፍጥረት ተጨነቀ። ማርስ ደግሞ በጅዬሽታ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ አኑራዳ እየሄደ ነው ይላል፣ ወዳጅነትን ሊያጠፋ እንደሚሄድ ሁሉ። አኑራዳ የሚትራ ማደሪያ ናት፤ ሚትራ የወዳጅነት አምላክ ነው። ጅዬሽታ ደግሞ የታላቅየው፣ የበኩሩ ኮከብ ናት። በኩር መሆኑን ገና አሁን የሰማው ሰው፣ ስለ ወዳጅነት ብሎ ወንድሞቹን ሊወጋ የወሰነ ሰው፣ የጦርነቱን ፕላኔት ከበኩሩ ማደሪያ ወደ ወዳጅነት ማደሪያ ሲያፈገፍግ ያያል። ይህን ሳነብ ገጣሚው የሰማይ መዝገብ እየገለበጠ ነበር ብዬ ማመን ያቅተኛል። የካርናን ልብ ሰማይ ላይ ጽፎታል።

ማርስ ወደ ኋላ መሄዱ በራሱ የተፈጥሮ ነገር ነው። ምድር በውስጠኛው መንገድ ቀድማው ስታልፍ ለሁለት ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። በየ26 ወሩ ገደማ ይደገማል። ለምልኪ አንባቢው ግን የጦርነት ፕላኔት መንገዱን ሲስት ክፉ ነው።

ከዚያ ጠቢቡ ቪያሳ ይመጣሉ። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ፣ ለልጃቸው ለድሪታራሽትራ፣ ለዱርዮዳና አባት፣ የሚመጣውን ይነግሩታል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ማርስ በማጋ ማደሪያ ወደ ኋላ ዞሯል ይላሉ፤ ማጋ የሙታን አባቶች ማደሪያ ናት። ጁፒተር በሽራቫና ነው። ጅራታም ኮከብ ፑሽያን ወግቷል። ሳተርን ሮሂኒን ያስጨንቃል። ትንሽ ቆይተው ሳተርንና ጁፒተር ሁለቱም በቪሻካ አጠገብ ለዓመት ቆመዋል ይላሉ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሮሂኒና ቪሻካ በሰማዩ ሁለት ተቃራኒ ጎን ማለት ይቻላል። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ወደ መጥለቂያዋ ናት። ሳተርን ዙሩን ለመጨረስ 29 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ከሮሂኒ ወደ ቪሻካ ለመድረስ ወደ 13 ዓመት ያስፈልገዋል። ቪያሳ ግን በአንድ ንግግር ሁለቱም ቦታ ያስቀምጡታል። ጁፒተርም እንዲሁ ሁለት ቦታ አለ። ማርስ በካርና አፍ በጅዬሽታ ነው፣ በቪያሳ አፍ በማጋ ነው። በአንድ ሰሞን ይህ ሁሉ ሊሆን አይችልም።

ኮከቡን ብቻ ነጥሎ ማንበብ ደግሞ ለጽሑፉ ታማኝ መሆን አይደለም። ፕላኔቶቹ ብቻቸውን አልመጡም። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ላሞች አህያ ይወልዳሉ። የአማልክት ምስሎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ደም ይተፋሉ። ዛፎች ያለ ወራቸው ያብባሉ። ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር እንደ ባልና ሚስት ይተኛሉ። ነገሩ ሁሉ ሥርዓቱን ለቋል ነው የሚለው። አህያ የወለደችውን ላም ዘልሎ ሳተርንን ብቻ ይዞ ወደ ኮምፒውተር የሚሮጥ ሰው መመዘኛውን ሊነግረን ይገባል።

አሩንዳቲም የዚሁ ወገን ናት። በታላቁ ድብ ጅራት ላይ ሁለት የተጠጋጉ ከዋክብት አሉ። ደማቁ ጠቢቡ ቫሲሽታ ነው፣ ደብዛዛዋ ሚስቱ አሩንዳቲ። በሕንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮች የታማኝነት አርአያ ትሁናችሁ ተብለው እሷን እንዲያዩ ይደረጋል። ቪያሳ አሩንዳቲ ባሏን ወደ ኋላዋ አደረገችው ይላሉ። ከታማኞች ሁሉ ታማኟ እንኳ ቦታዋን ከለቀቀች ምን ቀረ? ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህች አንድ መስመር ተነስተው ጦርነቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5561 ነበር የሚሉ ግን አሉ። የምድር እንዝርት አቅጣጫ በሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚዞር አሩንዳቲ በልኬት ቀድማ የነበረችበት ዘመን አለ ብለው ይሞግታሉ። ልኬቱ በወረቀት ላይ ይሠራል። አንድ ቀጭን ምልኪ ግን ያን ያህል ሸክም አይችልም።

13 ቀን የሞላው አጋማሽ

አንድ ምልኪ ግን ለየት ይላል፣ ምክንያቱም ቆጠራም ነው። ቪያሳ እንዲህ ይላሉ፦ በ14ኛው፣ በ15ኛው፣ በ16ኛውም ቀን ጨረቃ ስትጠፋ አውቃለሁ፤ በ13ኛው ቀን ግን አይቼ አላውቅም። በአንድ ወር ውስጥ ጨረቃም ፀሐይም ተያዙ፣ በ13ኛው ቀን።

ይህን የሚናገረው ሰው ሰማይ ሲመለከት የኖረ ነው። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ጨለማዋ ያለው ጊዜ አማካዩ 14 ቀን ከሦስት ሩብ ነው። ጨረቃ ስትፈጥን ግን ወደ 13 ቀን ከ22 ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው በፀሐይ መውጫ ነው። አጋማሹ ልክ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከጀመረ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ልክ ከመውጣቷ በፊት ካለቀ፣ መሃል ላይ 13 ንጋት ብቻ ይገባል። እንዲህ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ግን ይሆናል።

ሁለት ግርዶሽ በሁለት ሳምንት መምጣቱ ግን ብርቅ አይደለም። ጨረቃ የምትሄድበት መንገድ ከፀሐይ መንገድ ትንሽ ያዘነበለ ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚቋረጡት ሁለት ቦታ ላይ ነው። ፀሐይ ወደ አንዱ መቁረጫ ስትጠጋ የግርዶሽ ሰሞን ይሆናል። በዚያ ሰሞን ሙሉ ጨረቃ ከመጣች የጨረቃ ግርዶሽ ነው፣ ጨለማው ከመጣ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። በቅርቡ እንኳ አይተናል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ ደመና ያልጋረደው ሰው ሁሉ፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ቀልታ አይቷል። መስከረም 11 ቀን 2018 ደግሞ ፀሐይ በከፊል ተጋረደች። ያችን ግን ከኢትዮጵያ ማየት አልተቻለም፤ የታየችው በስተደቡብ፣ በኒውዚላንድና በአንታርክቲካ አካባቢ ነው። ብርቁ ነገር ሁለቱም ግርዶሽ ከአንድ አገር መታየታቸው፣ በዚያ ላይ አጋማሹ 13 ቀን መሆኑ ነው። ይህ ጥምረት ቁም ነገር አለው። ዓመት ከሚፈልጉት ሰዎች መካከል ግርዶሾቹን መነሻ ያደረጉትን በጥሞና የምሰማቸው ለዚህ ነው።

ማሃባራታ ስለ ግርዶሽ የራሱ ተረት አለው። ራሁ የተባለ ጋኔን የአማልክትን የሕይወት መጠጥ ሰርቆ ሲቀምስ ፀሐይና ጨረቃ አሳበቁበት፣ አምላኩ ቪሽኑም አንገቱን ቆረጠው። መጠጡ ጉሮሮው ደርሶ ነበርና ጭንቅላቱ አልሞተም። ቂሙን ይዞ ሁለቱን ያሳድዳል፣ ሲይዛቸው ይውጣቸዋል። አንገት ስለሌለው ተመልሰው ይወጣሉ።

ሁለት የማይታረቁ ቆጠራዎች

ምልኪውን ለምልኪነቱ ትተን ወደ ንጹሕ ቆጠራው እንሂድ። ከሁሉ የምወደው የባላራማ ነው። ባላራማ የክሪሽና ታላቅ ወንድም ነው። በዘመዳሞች ጦርነት አልገባም ብሎ ቅዱሳን ውሃዎችን ሊሳለም ሄደ። የጨረቃና የሮሂኒ ተረትም የሚተረከው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። የተመለሰው በ18ኛው ቀን፣ ፓንዳቫው ቢማና ዱርዮዳና በዱላ ሊፋለሙ ሲሉ ነው። ከሄድኩ 42 ቀን ሆነኝ አለ። በፑሽያ ወጣሁ፣ በሽራቫና ተመለስኩ አለ።

እንፈትሸው። ጨረቃ በ27 ቀን ከሲሶ ዙሯን ጨርሳ ፑሽያ ትመለሳለች። ከ42 ቀኑ 14 ቀን ከሁለት ሲሶ ይቀራል። በዚያ ጊዜ 14 ማደሪያ ተኩል ትሄዳለች። ከፑሽያ 14 ማደሪያ ሲቆጠር ሽራቫና ላይ ይደርሳል። ልክ ገጠመ! ይህን ያለው ሰው ጨረቃን ያውቃታል።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። 18ኛው ቀን በሽራቫና ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ጨረቃ ሚሪጋሺራ አካባቢ ነበረች። ወቅቱ የመጸው መጨረሻ ነው፤ ፀሐይ በተቃራኒው ጎን ናት። ስለዚህ ጦርነቱ የተጀመረው ጨረቃ ልትሞላ ስትል ወይም በሞላች ሰሞን ነው።

የ14ኛው ቀን ሌሊት ይህን ይደግፋል። በዚያ ቀን ውጊያው ፀሐይ ከገባች በኋላም ቀጠለ። ሰዉም ዝሆኑም ደከመ። አርጁና ጨረቃ እስክትወጣ ተኙ አለ። ሁሉም እዚያው በጦር ሜዳው፣ በፈረስና በዝሆን ጀርባ ላይ ሳይቀር፣ ተኛ። ጨረቃ የወጣችው ሌሊቱ ሊገባደድ ሲል ነው፤ ያኔ ውጊያው እንደገና ተቀጣጠለ። ጨረቃ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ የምትወጣው እየጎደለች፣ ልትጠፋ ስትቃረብ ብቻ ነው። ከ13 ቀን በፊት ደግሞ ለመሙላት የተቃረበች ነበረች። ባላራማና ይህች ሌሊት ተስማሙ።

ከዚህችው ሌሊት ሌላም ነገር እናገኛለን። በዚያው በ14ኛው ቀን አርጁና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዱርዮዳና ወገን የሆነውን ጃያድራታን ካልገደልኩ እሳት ውስጥ እገባለሁ ብሎ ምሎ ነበር። በሰፊው በሚታወቀው ትረካ ክሪሽና ፀሐይን ያጨልማታል፣ ጃያድራታ መሸ ብሎ ራሱን ያወጣል፣ ፀሐይ ተመልሳ ትታያለች። ይህ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ፀሐይ ፊት ስትቆም ብቻ ነው። ፀሐይን የጋረደች ጨረቃ ከፀሐይዋ ጋር አብራ ትጠልቃለች። በዚያው ሌሊት ተመልሳ ልትወጣ አትችልም። ስለዚህ ግርዶሹ አይሆንም።

እስካሁን ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላኛው ቆጠራ ነው። ክሪሽና ካርናን በሰረገላ ላይ ባነጋገረበት ዕለት፣ ከሰባት ቀን በኋላ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ነው፣ ጦርነቱ ያኔ ይጀመር፣ ኢንድራ የሚገዛው ቀን ነው አለ። ኢንድራ የጅዬሽታ አምላክ ነው። እንግዲህ መጀመሪያው ጨረቃ ጨርሳ የጠፋችበት ቀን ሆነ ማለት ነው! ያ ከሆነ በ14ኛው ሌሊት ጨረቃዋ ልትሞላ የተቃረበች ናት፤ ፀሐይ ሳትገባ ወጥታ ትጠብቃለች እንጂ ሠራዊቱን አታስተኛም።

ክሪሽና ብቻውን ቢሆን ሐሳብ ነው ያቀረበው፣ ቀኑ ተላልፎ ይሆናል ባልን ነበር። ግን የቢሽማ ሞት ይደግፈዋል። ቢሽማ በ10ኛው ቀን በፍላጻ ተወጉ። የሚሞቱበትን ቀን ራሳቸው መምረጥ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትመለስ ፍላጻው ላይ ተኝተው ጠበቁ። በመጨረሻ ለፓንዳቫው ለዩዲሽቲራ፣ 58 ሌሊት ተኛሁ፣ የማጋ ወር ደረሰ፣ ብሩህ አጋማሹ ነው አሉት። 58 ሌሊት ሁለት የጨረቃ ወር ሊሞላው አንድ ቀን ነው የሚቀረው። ከማጋ ብሩህ አጋማሽ 58 ወደ ኋላ ብንቆጥር የማርጋሺርሻ ብሩህ አጋማሽ ላይ እንወድቃለን። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ ጨረቃ የጠፋችበት ቀን ዙሪያ ነን። ክሪሽናና ቢሽማ ተስማሙ። ከባላራማ ግን ተለያዩ።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ድምፅ አለ። ጦርነቱ የተጀመረ ቀን ጨረቃ በማጋ ማደሪያ ነበረች የሚል መስመር አለ። ማጋ ለባላራማም አይሆንም፣ ለክሪሽናም አይሆንም። የሙታን አባቶች ማደሪያ መሆኗን ግን አትርሱ።

ለዚህ ሁሉ የእኔ ማብራሪያ ቀላል ነው። መጽሐፉ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ፣ በብዙ ባለሙያ ተራኪዎች አፍ ያደገ ነው። በፑኔ ያለው የብሃንዳርካር ተቋም የተጣራውን እትም ሲያዘጋጅ ከ1919 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ሠርቷል፤ ከሺህ በላይ የብራና ቅጂዎች ተመርምረዋል። አንዱ ተራኪ ጨረቃዋን ከባላራማ መንገድ ጋር በጥንቃቄ ቆጠራት። ሌላው ከቢሽማ ጣር ጋር ቆጠራት። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ አንድ ላይ ግን አይገጥሙም። ለዚህ ነው ዓመት ፈላጊዎቹ አንዱን መርጠው ሌላውን የሚያስታምሙት። ሳተርን በሮሂኒ የሚለውን የያዙት የፊዚክስ ምሁሩ ናራሃሪ አቻር ከክርስቶስ ልደት በፊት 3067 ላይ ደርሰዋል። ሌሎች ወደ 1478 ይመጣሉ። በደቡብ ሕንድ በአይሆሌ ያለው የ634 እ.ኤ.አ. የድንጋይ ጽሑፍ ከባራታ ጦርነት ወዲህ 3,735 ዓመት አለፈ ይላል፤ ይህ ወደ 3102 ያደርሰናል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ቫራሃሚሂራ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጠቀሰው ሒሳብ ደግሞ ወደ 2449 ይወስዳል። የታሪክ ሊቃውንት በበኩላቸው ከተረቱ ጀርባ እውነተኛ ጦርነት ካለ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት በኋላ ያደርጉታል።

ሕንዶች ራሳቸው ሁለቱንም ቆጠራ ይዘው ይኖራሉ። ክሪሽና ለአርጁና የባጋቫድ ጊታን ትምህርት የነገረው በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። ያ ቀን በየዓመቱ በማርጋሺርሻ ብሩህ አጋማሽ 11ኛ ቲቲ ይከበራል፤ በኩሩክሼትራ ትልቅ በዓል ነው። የቢሽማ ሞት ደግሞ በማጋ ብሩህ አጋማሽ 8ኛ ቲቲ ይታሰባል፤ ምዕመናን በዚያ ቀን ልጅ ሳይወልዱ ለሞቱት አያት ውሃ ያፈሳሉ። የመጀመሪያው በዓል ከባላራማና ከ14ኛው ሌሊት ጨረቃ ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ከቢሽማ ቃል ጋር ይሄዳል። ከመጀመሪያው በዓል ተነስታችሁ እስከ 10ኛው ቀን፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛው በዓል ብትቆጥሩ 47 ሌሊት ገደማ ታገኛላችሁ። ቢሽማ ያሉት 58 ነው።